«ክፍለ ጦሩ ተደመሰሰ» ሲባል ሁሉም ሞተዋል ማለት ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጦርነት ዜና «የጠላት ክፍለ ጦር ተደመሰሰ» ይባላል። ወታደሮቹ አልቀው ነው ወይስ ተበትነው? አባቴ «ተበትነዋል ማለት ነው» ይላል። ለእኔ ግን አንድም የተረፈ ያለ አይመስለኝም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ቃሉ ግእዝ ነው። መዝሙር 50 የሚደግም ሰው አይጠፋውም፤ «ወበከመ ብዝኀ ምሕረትከ ደምስስ ሊተ ኃጢአትየ»። የሚደመሰሰው ኃጢአት ነው፣ የዕዳ ጽሕፈት ነው። ሰው ይሞታል እንጂ አይደመሰስም። ዜናው ሰውን እንደ ጽሑፍ ሲፍቀው ሰሚው ሬሳ አይታየውም። የሟች እናትም አትታየውም።

የፒያሳው፦ እኔ «ደም» አለበት ባይ ነኝ። ደም አፍስሶ ማጥፋት።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እንዲህማ ከሆነ «ደመና»ም ከደም ሊወጣ ነው! ግሡ ባለ አራት ፊደል ነው፣ ወንድሜ።

ጡረተኛው ጋዜጠኛ፦ በደርግ ጊዜ «ወንበዴ ተደመሰሰ» ነበር። በ2013 ጦርነቱ «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» ተባለ፤ «ጁንታ» መጣ። ሚያዝያ 28 ምክር ቤቱ ሕወሓትን በአሸባሪነት ሲፈርጅ ደግሞ «አሸባሪው» ከስሙ ፊት የማይጠፋ ቅጽል ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ፣ መጋቢት ላይ ፍረጃው ተነሣ። እስከዚያ ግን ስንቱ ጎረቤቱን በዚያ ስም ጠርቷል! ግሡንም እዩት። የእኛ «ተሰዋ»፣ የነሱ «ተደመሰሰ»። ጥይቱ ያው ነው። ለአንዱ ሐውልት ይቆምለታል፣ ሌላውን የሚቆጥረው እንኳ የለም።

ዲያቆኑ፦ ጋሼ፣ «ተሠዋ» በንጉሡ ሠ ነው። ደግሞ መሥዋዕት አቅራቢ አለው። ይስሐቅ ራሱን አላሰረም። «ወታደሩ ተሠዋ» ሲባል ማን ሠዋው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ የለም፣ ዲያቆን። ጌታ ራሱ ሠዋዒ፣ ራሱ መሥዋዕት ነው። ወዶ የዘመተ ቃሉ ይገባዋል።

ጠያቂ፦ የክፍለ ጦሩስ ነገር?

ዲያቆኑ፦ ወዶ ከዘመተ ነዋ! ደርግ በአፈሳ የወሰዳቸው ልጆችስ «ተሠዉ» ይባላሉ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እሱስ አይባልም። «ወደቁ» ይበቃል።

ዲያቆኑ፦ «ወደቁ»ም ጣዩን ይደብቃል። «ተገደሉ» ቢባል ምን አለበት? ያኔ «ማን ገደላቸው? ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይገኛል።