አገር ሳልሰጥህ ለምን ፈታኸው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም የቃላት ወዳጆች። የዛሬው ጥያቄዬ ከባሕር ዳር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ቡና እየጠጣን ነበር። በማግስቱ ከጓደኞቼ ጋር አንድ አዲስ የአማርኛ ፊልም ልናይ ተቀጣጥረናል። የአክስቴ ልጅ ፊልሙን አዲስ አበባ አይቶት ነው የመጣው። «እንዴት ነው? ይታያል?» አልኩት። የጠየቅኩት ይኼን ብቻ ነው። እሱ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘከዘከልኝ። ማን ማንን እንደሚከዳ፣ ማን በሕይወት እንደሚቀር፣ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው። እሑድ አዳራሽ ገባሁ። ሰው ሁሉ ሲደነግጥ እኔ ቀድሜ አውቄዋለሁ። የጓደኞቼን ፊት ሳይ ቆየሁ። እነሱ ያገኙትን እኔ አላገኘሁም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

የፊልሙን ስም አልጽፍም። ገና እየታየ ነው።

ጥያቄዬ፣ የአክስቴ ልጅ ያደረገውን በአማርኛ ምን እንበለው? እኩዮቼ «ስፖይል አደረገኝ» ይላሉ። እኔም እላለሁ። እናቴ ግን ነገሩን ስነግራት ወዲያው «አዬ፣ ጨረሰብሽ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ይቺ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ጨረሰ ማለት እኮ በራሱ ክፉ አይደለም። ሥራ ይጨረሳል፣ ትምህርት ይጨረሳል። ጉዳቱ ያለው «ብ» ላይ ነው። ፈረደልኝ እና ፈረደብኝ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ አንዱ ያስቃል፣ ሌላው ያስለቅሳል። «መጨረሻውን ነገረኝ» ብል ማንም አያዝንልኝም። «ጨረሰብኝ» ካልኩ ግን የኔ የነበረ ነገር እንደተወሰደብኝ ሰሚው ያውቃል። ሌላ ቋንቋ አዲስ ቃል የሚያበጅለትን ነገር እኛ በአንዲት ፊደል እንለዋለን።

ዘከዘከም ቢሆን ድንቅ ቃል ነው። ጆንያ ተገልብጦ ያለው ሁሉ ሲፈስ ይታየኛል። ተናጋሪው ምንም አላስቀረም ማለት ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሥነ ጽሑፍ መምህርት፦
እህቴ፣ በክፍል ውስጥ የምንጠቀምባቸው ቃላት አሉ። የታሪኩ አካሄድ ሴራ ነው። የሚከርበት ቦታ ጡዘት ነው። ቋጠሮው የሚፈታበት ልቀት ይባላል። ስለዚህ «ልቀት ገላጭ» ብንለውስ? ትክክለኛነቱ ይጠቅመናል።

ጠያቂዋ፦
መምህርት፣ ቃላቱን እወዳቸዋለሁ፤ ጡዘትን በተለይ። «ነገሩ ጦዘ» ብለን መንገድ ላይም እንናገረዋለን። ግን ቡና ላይ ተቀምጦ «ልቀቱን ገለጥክብኝ!» ብሎ የሚጮህ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ቃሉ ሰው ሲናደድ ከአፉ የሚወጣ መሆን አለበት። ደግሞ የሚበላሸው ልቀቱ ብቻ አይደለም። ድሮ ቪዲዮ ቤት ሕፃናት ሆነን «አክተር አይሞትም» እንል ነበር። ይህን ሕግ ይዘን ስለምንገባ አክተሩ ሲቆስል እንኳን አንፈራም። አንድ ቀን አክተሩ የሚሞትበት ፊልም መጣ። ከፊታችን የተቀመጠ ልጅ ገና ሲጀመር «ይሄ እኮ ይሞታል» አለ። የተናገረው ልቀቱን ነው፤ የጠፋው ግን የሁለት ሰዓቱ ስጋት ሁሉ ነው።

ከዘጌ፦
ልጄ፣ እኔ ፊልም ብዙ አላይም። ቅኔ ቤት ግን ቆይቻለሁ። እኛ ሰምና ወርቅ እንላለን። አስተያየት የሚሰጥ ሰው ሰሙን ይንገር፣ ወርቁን ለሰሚው ይተው። ከዚህ የተሻለ ምን አለ? እንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩም መግፈፍ፣ መዝረፍ ማለት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። በእኛ ዘንድ «ቅኔ ዘረፈ» ማለት ሙገሳ ነው። በእነሱ ዘራፊው ጥፋተኛ ሆነ።

ጠያቂዋ፦
አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ዘረፋ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቃሉ ለፊልም መጨረሻ መዋል የጀመረውም ቅርብ ጊዜ ነው፤ በሰፊው ያስለመደው ናሽናል ላምፑን በተባለ የአሜሪካ የቀልድ መጽሔት በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣ ጽሑፍ ነው። ነገሩ ግን ከቃሉ ይቀድማል። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 እ.ኤ.አ. «ሳይኮ»ን ሲያሳይ፣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ተመልካች እንዳይገባ አስደርጎ ነበር። ያዩትንም መጨረሻውን አትናገሩ ብሎ ለምኗል።

በሰምና ወርቁ ላይ ግን ትንሽ ልከራከርዎት፤ ይፍቀዱልኝ። ወርቅ መጨረሻ አይደለም። የፊልሙን መጨረሻ ሰምቶ ወርቁን ጨርሶ ያላገኘ ሰው አለ። እኔ ራሴ ያን እሑድ መጨረሻውን ይዤ ገባሁ፤ እናትየዋ ለምን ዝም እንዳለች የገባኝ ግን አዳራሹ ውስጥ ነው። የአክስቴ ልጅ የጨረሰብኝ ሰሙን ነው። ወርቁን እሱም አላየውም።

የሥነ ልቦና ተማሪ፦
እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ልምጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የተሠራ ጥናት አለ። 12 አጫጭር ታሪኮችን ለአንባቢዎች ሰጡ። መጨረሻውን ቀድመው ያወቁት በአብዛኛው ይበልጥ ወደዱት። ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶች ደግሞ ተቃራኒውን አግኝተዋል። ስለዚህ «ብ» ሁልጊዜ ልክ ነው?

ጠያቂዋ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። አያቴ አንድን ተረት ሃያ ጊዜ ነግራኛለች። ጅቡ በመጨረሻ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ግን «ድገሚልኝ» እላታለሁ። ማወቄ ደስታዬን አልቀነሰውም። ያኔ ግን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ያኔ ነገረችልኝ እንጂ ነገረችብኝ አልልም። ፊደሉን የሚወስነው የሰሚው ፈቃድ ይመስለኛል።

ይህን ስጽፍ እንቆቅልሽ ትዝ አለኝ። ቃል ፍለጋ ይህን ሁሉ ስንዞር መልሱ አያቴ እጅ ነበር። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል። «ምን አውቅልህ» ትያለሽ። ይጠይቅሻል። ታስቢያለሽ፣ ትሳሳቻለሽ፣ «ቆይ ቆይ» ትያለሽ። እሱ መልሱን ያውቃል፤ አፉ ላይ ደርሷል። ግን አይናገርም! መጀመሪያ «አገር ስጪኝ» ማለት አለበት። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ትያለሽ። ካልወደደው ሌላ ይጠይቃል። ተቀብሎ፣ ገብቶበት፣ ተንቀባሮ፣ ከዚያ ነው ፍቺውን የሚነግርሽ። አገር ካልሰጠሽው ፍቺው እሱ ዘንድ ይቆያል። ልጆች ሆነን ይህን ደንብ የጣሰ እንደ አጭበርባሪ ይቆጠር ነበር፤ አብረነው አንጫወትም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይኼ ነው። ስም አንፍጠር። ሊነግረን የሚቸኩለውን «አገር አልሰጠሁህም!» እንበለው። መስማት የፈለገ ደግሞ አገር ይስጥና ይስማ።

የሥነ ጽሑፍ መምህርት፦
ይህን ተቀብያለሁ። ታዲያ አገር ሳይሰጡት አስተያየት መስጠት የፈለገ ምን ይበል?

ጠያቂዋ፦
ለእሱ ቃል ሞልቶናል። ጫፍ ጫፉን ይንገረን። በጨረፍታ ያሳየን። እዚህ ከተማችን ስሟም ዳር ነውና፣ ዳር ዳሩን ይበል፣ መሃል አይግባ። «ልብ ይሰቅላል»፣ «መሐል ላይ ይንዛዛል»፣ «ተዋናይቷ አንጀት ትበላለች»፣ «ቀሽም ነው፣ ብራችሁን አታውጡ» ማለት ይቻላል። ከዚህ ውስጥ ማንንም የሚጎዳ የለም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ «መጨረሻውን ፈጽሞ አትገምቺውም» ማለት ዳር አይደለም። እንዲህ ያለኝ ሰው ፊልሙን በሙሉ በጥርጣሬ እንዳይ አድርጎኛል። ገና በሩብ ሰዓቱ ደጉን ሰውዬ መጠርጠር እጀምራለሁ።

ከዘጌ፦
የአክስትሽ ልጅስ ታረቃችሁ?

ጠያቂዋ፦
ታርቀናል አባቴ። ትናንት ማታ ደወለ። ሌላ ፊልም አይቷል። «ስሚ፣ ይሄኛው ላይ ደግሞ ልጅቷ...» ብሎ ጀመረ። «አገር አልሰጠሁህም» አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «እሺ ስጪኛ» አለኝ። አልሰጠሁትም፤ ዓርብ ልናየው ነው። ከዓርብ በኋላ ደቅን እሰጠዋለሁ ብዬዋለሁ፤ ደሴቷን ከነዛፎቿ።