ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ላለበት ልጄ የትኛው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። የጅማ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ በሐኪም ምርመራ ኤዲኤችዲ እንዳለበት የተረጋገጠው ልጄ የ8ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ይገባል። ሒሳብ በቃል ሲጠየቅ ፈጥኖ ይመልሳል፤ ወረቀት ሲሰጠው ግን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሳይደርስ እርሳሱን መቅረጽ ይጀምራል። ለቤታችን የሚቀርበው ትምህርት ቤት ክፍሎቹ እጅግ የተጨናነቁ ናቸው፤ ሰፋ ያለው ሌላኛው ደግሞ በፈረቃ ስለሚያስተምር፣ የከሰዓቱ ፈረቃ ከደረሰው ጠዋት የሚወስደው መድኃኒት ኃይሉ ባለቀበት ሰዓት፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ይማራል ብዬ እሰጋለሁ። (የግል ትምህርት ቤት አቅሜ አይፈቅድም።) በከተማችን እንዲህ ያለውን ተማሪ ፊት ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ፣ በፈተና ተጨማሪ ደቂቃ የሚሰጥና የልዩ ፍላጎት መምህር ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የምታውቁ ወላጆችና መምህራን እባካችሁ ጠቁሙኝ። የሐኪሙንስ ማስረጃ በምዝገባው ዕለት ላቅርብ ወይስ አስቀድሜ ርእሰ መምህሩን ላነጋግር?