ለገጠር ብሮድባንድ የሚመደብ የሕዝብ ገንዘብ ለፋይበር ብቻ ይዋል? (ክርክር)

አወያይ፦ ጥያቄው ይህ ነው። ቤቶቿ ተራርቀው የተሠሩ፣ ያረጀ የመዳብ የስልክ መስመር ብቻ ያላት መንደር አለች። ፈጣን ኢንተርኔት እንድታገኝ የሕዝብ ገንዘብ ሲመደብ ለፋይበር (ብርሃን ለሚያስተላልፍ የብርጭቆ ክር) ብቻ ይዋል ወይስ የሬዲዮ ማማና ሳተላይትም ይወዳደሩበት? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው የመሠረተ ልማት ሕግ 42.45 ቢሊዮን ዶላር መድባ በመጀመሪያ ለፋይበር ቅድሚያ ሰጥታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ላይ ግን መመሪያውን ቀይራ ለሁሉም ቴክኖሎጂ በሩን ከፈተች። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቁጥር ያለው ሰው ቁጥሩን ያምጣ።

ባለቦይ፦ ለፋይበር ብቻ ይዋል ባይ ነኝ። መዳቡ ያለቀለት ነው። ኤዲኤስኤል የተባለው በመዳብ የስልክ መስመር የሚሄድ ኢንተርኔት ከስልክ ጣቢያው አጠገብ 24 ሜጋቢት በሰከንድ ቢሰጥ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ 2 ወይም 3 ላይ ይወርዳል። ፈጣን ወንድሙ ቪዲኤስኤልም ከ1 ኪሎ ሜትር ትንሽ ካለፈ ብልጫው ይጠፋል። መንገድ ዳር ካለው ሳጥን ድረስ ፋይበር አምጥቶ ከዚያ ወዲያ በመዳብ መቀጠል የሚጠቅመው የሳጥኑን ጎረቤቶች ብቻ ነው። ጫፍ ላይ ያሉት ግን በወረቀት ተዳርሰዋል ተብለው ከሚቀጥለው በጀት ይወጣሉ።

የፋይበሩን ስሌት እንየው። ማዕከሉ ከመንደሩ 8 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ በ1310 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ብርሃኑ በየኪሎ ሜትሩ 0.35 ዴሲቤል (የሲግናል መድከም መለኪያ) ስለሚደክም 2.8 ይሄዳል። አንዱን ፋይበር ለ32 ቤት የሚያካፍለው ስፕሊተር 17.5 ገደማ ይወስዳል። ስድስት ብየዳ በ0.1፣ አራት ኮኔክተር (መሰኪያ) በ0.5 ሲታሰብ 2.6 ይጨመራል። ድምሩ 22.9 ነው። ጂፖን የተባለው፣ አንድ ፋይበር ለብዙ ቤት የሚያካፍል ሥርዓት የተለመደው መሣሪያ እስከ 28 ዴሲቤል መድከም ስለሚችል 5 ገደማ መጠባበቂያ ይተርፋል። 32ቱ ቤቶች ወደ 2.5 ጊጋቢት ይጋራሉ። ነገ ቢያንሳቸው በሁለቱ ጫፍ ያለውን መሣሪያ ቀይሮ 10 ጊጋቢት ማድረስ ይቻላል፤ መሬት ውስጥ ያለውን ማንም አይነካውም። ማማ ላይ የተሰቀለ ሬዲዮ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቀየራል፤ ያኔ የሕዝብ ገንዘብ እንደገና ሊጠየቅ ነው።

ባለማማ፦ ወንድሜ፣ ስሌትህን አልቃወምም፤ ያላስገባኸው ጊዜውን ነው። ከወጪው ትልቁ ቁፋሮ ነው፤ ከቁፋሮውም በፊት ፈቃድ አለ። የመሬት ባለቤቶች፣ የመንገድ ባለሥልጣን፣ ወንዝ ማቋረጫ፣ ድልድይ። ከመካከላቸው አንዱ እምቢ ካለ መስመሩ ዞሮ 2 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በሬዲዮ ግን ማማው ተተክሎ ቤቶቹ ላይ አንቴና እስኪሰቀል የሳምንታት ሥራ ነው። ዘንድሮ የሚማር ልጅ አምስት ዓመት ይጠብቅ ማለት ፍርድ አይደለም።

ሬዲዮ የሚወቀሰው አብዛኛውን ጊዜ በአተካከል ጉድለት ነው። በ5.8 ጊጋኸርዝ 10 ኪሎ ሜትር ለመዝለል ሁለቱ አንቴናዎች መተያየታቸው ብቻ አይበቃም። በመንገዱ አጋማሽ ላይ በጨረሩ ዙሪያ 11 ሜትር ያህል ራዲየስ ያለው፣ ሞገዱ የሚያልፍበት የፍሬስኔል ቀጠና አለ፤ ከዚህ ቢያንስ 60 በመቶው፣ 7 ሜትር ያህል፣ ከዛፍና ከጣሪያ ነፃ መሆን አለበት። ለኪው ዛፎቹ ቅጠላቸውን ባራገፉበት ወቅት በመነጽር አይቶ ተከለ፤ ቅጠሉ ሲመለስና ዝናብ ሲያርሰው መስመሩ ወደቀ። ይህ የለኪው ጥፋት ነው። የዛፉ እድገት አብሮ መታሰብ አለበት፤ ምሰሶው ዛሬ ከሚያስፈልገው 3 ሜትር ከፍ ቢል ይሻላል።

ጥገና፦ ባለማማ ያልተናገረውን ልጨምር። በ40 ሜጋኸርዝ ቻናል የሚሠራ አንድ ሴክተር አንቴና (ከማማው በአንድ አቅጣጫ ላሉ ቤቶች የሚያሰራጭ) ወረቀት ላይ 400 ሜጋቢት ይባላል፤ በተግባር የሚወጣው መላኩም መቀበሉም ተደምሮ 240 ገደማ ነው። 30 ቤት በአንዴ ቢስበው ለእያንዳንዱ 8 ሜጋቢት ይደርሳል። ሴክተሩን የሚገድለው ግን የቤቱ ብዛት ሳይሆን ደካማው ቤት ነው። ሬዲዮው የሚያከፋፍለው ጊዜ ነውና። ሲግናሉ በ−55 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ይጠነክራል) አካባቢ የሆነ ቤት በአንድ ሰከንድ የሚጨርሰውን ፋይል −80 ላይ ያለው ቤት አሥር እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ አየሩን ይዞ ያወርደዋል። ያን ጊዜ ሁሉ ሌላው ተሰልፎ ይጠብቃል። ነዋሪው ኢንተርኔቱ ከሰዓት በኋላ ለምን እንደሚሞት አይገባውም፤ የሁለት ጎረቤቶቹ አንቴና ከዛፍ ጀርባ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከ−70 የደከመ ቤት አይገናኝ። ምሰሶው ከፍ ይበል ወይም ትልቅ ዲሽ ይደረግለት፤ ካልሆነ ሌላ ማስተላለፊያ ይተከል።

ማስተላለፊያው መብራት በሌለበት ኮረብታ ላይ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። ሦስት ሬዲዮና አንድ ስዊች (መስመሮቹን የሚያገናኝ ሳጥን) 50 ዋት ቢበሉ በቀን 1200 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ሁለት ቀን ደመና ለመቋቋም 2400 ያስፈልጋል። የሊድ-አሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር 4800 መያዝ አለበት፤ በ12 ቮልት 400 አምፒር-ሰዓት ማለት ነው። ፀሐይ በቀን 4 ሰዓት ሙሉ ኃይል ትሰጣለች ብንል ፓነሉ ብክነቱን ጨምሮ ከ400 ዋት አያንስም። ብዙ ቦታ የሚተከለው የዚህ ግማሽ ነው፤ በዓመቱ ባትሪው ይሞትና ሰው ሁሉ ሬዲዮውን ይረግማል። የመብረቅ መከላከያውም እንዲሁ ነው። ምሰሶው፣ የኬብሉ መከላከያና የኃይል ሳጥኑ ከአንድ የመሬት ዘንግ ጋር ካልታሰሩ አንድ መብረቅ ስዊቹን ከነሬዲዮው ይወስዳል። በዚህ በኩል ፋይበር ብልጫ አለው፤ ብርጭቆ መብረቅ አያስተላልፍም።

ሒሳብ ሹሟ፦ ሁላችሁም የምትከራከሩት ስለ መጨረሻው ኪሎ ሜትር ነው። መንደሩን ከውጭ የሚያገናኘውን ዋና መስመር የጠየቀ የለም። ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ጭነቱ ጫፍ ይደርሳል። ያኔ አንድ ቤት በአማካይ የሚስበው ጥቂት ሜጋቢት ነው፤ 3 ብለን ብናሰላ 100 ቤት 300 ሜጋቢት ይፈልጋል። ለዕድገትና ለድንገተኛ ጭነት ጭምር 1 ጊጋቢት ቢገባ ይበቃል። አቅራቢው 100 ሜጋቢት ብቻ ካስገባ ግን ቤት ድረስ ፋይበር ቢዘረጋም ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1 ሜጋቢት ነው። እና ገንዘቡ የሚለቀቀው በቴክኖሎጂው ስም ሳይሆን በዚያ ሰዓት፣ በራውተሩ ላይ በኬብል፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ተለክቶ ይሁን። በዋይፋይ የተለካ አይቆጠር፤ ወፍራም ግድግዳ ግማሹን ስለሚበላው ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

ባለቦይ፦ እህቴ፣ ልኬቱ ትክክል ነው፤ ግን ቴክኖሎጂውን ክፍት መተው አያስፈልግም። መለኪያው ራሱ ይነሣል። አሜሪካ ብሮድባንድ የምትለውን እ.ኤ.አ. በ2015 ማውረጃው 25፣ መላኪያው 3 ሜጋቢት ይሁን ብላ ነበር፤ በ2024 ወደ 100 እና 20 አሳደገችው። ለ25 ተብሎ የተገነባ ሁሉ በአንድ ውሳኔ ከደረጃ በታች ሆነ።

ቁፋሮው ውድ ነው ላልከው፣ ባለማማ፣ ነዋሪው ራሱ የሚቆፍርበት መንገድ አለ። በሰሜን እንግሊዝ ላንካሽር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው ባርን የተባለ የማኅበረሰብ ድርጅት ገበሬዎቹ በማሳቸው በነፃ እንዲያልፍ ፈቅደውለት፣ ነዋሪዎች አክሲዮን ገዝተውና ራሳቸው ቆፍረው 1 ጊጋቢት መላኪያውም ማውረጃውም እኩል የሆነ መስመር ዘረጉ። ማሳ ውስጥ መቆፈር አስፋልት ከመቅደድ እጅግ ይረክሳል።

ግን በጎ ፈቃደኛ የሚሳሳተው የት እንደሆነ ይታወቅ። በሚታረስ መሬት ፋይበሩ የሚገባበት ቱቦ ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች ይቀበር፤ በጥልቀት የሚታረስ ከሆነ 90 ይሁን። ከታች ወንፊት ያለፈ አፈር ወይም አሸዋ ይደረግ፤ ከላይም እንደዚያው፤ ሹል ድንጋይ ተመልሶ ከተጫነበት ቱቦው ይጨፈለቃል። ከቱቦው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ይዘርጋ። ጥግ ላይ በዘጠና ዲግሪ አይታጠፍ፤ ሰፋ ባለ ቅስት ይዙር፤ አለዚያ ፋይበሩ በአየር ሲነፋ እዚያ ይቆማል። ከሁሉም በላይ የቱቦው አፍ ሁልጊዜ ይደፈን። ማታ ክፍቱን የተተወ ቱቦ በአንድ ዝናብ ጭቃ ይሞላል፤ ያንን ማጽዳት እንደገና ከመቆፈር ብዙ አይሻልም። ፋይበሩ ከመነፋቱ በፊት ቱቦው በግፊት ይፈተሽ፤ የቱቦውን ውስጣዊ ስፋት የምታህል ትንሽ ኳስ ከዚህ ጫፍ ተነፍታ ከዚያኛው መውጣቷ ይረጋገጥ። ቦዩም ሳይደፈን መስመሩ በጂፒኤስ ካርታ ላይ ይግባ። ካርታ የሌለውን ፋይበር የሚያገኘው ማረሻ ነው።

ብየዳውን ግን ለባለሙያ ስጡ። ኮኔክተር ላይ ያረፈች በዓይን የማትታይ አቧራ ብቻዋን ያንን 5 ዴሲቤል መጠባበቂያ ልትጨርስ ትችላለች፤ ከመሰካት በፊት ሁልጊዜ ይጸዳ።

ባለማማ፦ ባርንን ካነሣህ ጉዊፊም ይነሣ። ስፔን፣ ካታሎኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 በዋይፋይ የጀመረ የገጠር ኔትወርክ ነው፤ በኋላ ፋይበር ጨመረበት። በሬዲዮ ባይጀምሩ ኖሮ ፋይበሩን የሚያቆም ማኅበርም ተጠቃሚም ባልኖረ ነበር። አንዱ ለአንዱ መንገድ ይጠርጋል።

ጥገና፦ ብቻቸውን ተነጥለው ስላሉ ቤቶችስ? 6 ኪሎ ሜትር ተቆፍሮ ለአንድ ቤት መዘርጋት በማንኛውም ስሌት አያዋጣም። እዚያ ዝቅተኛ ምህዋር ያለው ሳተላይት ይሻላል። ቋሚ ምህዋር ላይ ያለው 35,786 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ የመረጃው ምልልስ 600 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል፤ በቪዲዮ ስብሰባ ሰው እርስ በርስ ይጋጫል። 550 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ60 በታች ነው። ሁለት ነገር ይታወቅ። ዲሹ ዛፍ የማይጋርደው ሰፊ ሰማይ ይፈልጋል፤ አንድ ቅርንጫፍ በየጥቂት ደቂቃው ጥሪ ያቋርጣል። ደግሞም አንድ አካባቢ የሚጋራው አቅም የተወሰነ ነው። መንደሩ በሙሉ ከገባበት ምሽት ላይ ሁሉም ይጎዳል፤ ስለዚህ ለተነጠሉት ይቆይላቸው።

ሒሳብ ሹሟ፦ እንግዲያው ድጎማው በሁለት ይከፈል እላለሁ። ለቁፋሮና ለቱቦ የወጣው ገንዘብ ንብረቱ የመንደሩ ሆኖ ማንኛውም አቅራቢ በእኩል ኪራይ ይግባበት። ለሬዲዮና ለሳተላይት የሚሰጠው በዓመት የሚታደስ የአገልግሎት ክፍያ ይሁን፤ የምሽቱን ልኬት ካላለፈ ይቋረጥ።

ባለቦይ፦ ቱቦው የመንደሩ ከሆነ እስማማለሁ። አንድ ነገር ይጨመር፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚቆም ማማ ሁሉ በሬዲዮ ሳይሆን በፋይበር ይመገብ፤ የሚቆፈረው መስመርም ለማማው 2 ፋይበር ብቻ ሳይሆን 48 ይያዝ። ከ2 ወደ 48 መውጣት በቦዩ ወጪ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ባለማማ፦ መንገዱ በሚፈቅድበት ይሁን። ገደል ተሻግሮ ኮረብታ ላይ ለሚቆም ማማ ግን ይህን ግዴታ ካደረጋችሁት ከማዶ ያሉት ቤቶች ምንም አያገኙም፤ ለዚያ ልዩ ፈቃድ ይኑር። በዚህ አልስማማም።