ፈረንሳይኛን በነጻ ኢንተርኔት ብቻ ተምሮ ለፈተና መድረስ ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ጠያቂው (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለካናዳ ማመልከቻ ብዬ ፈረንሳይኛ ጀምሬያለሁ። ካናዳ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈረንሳይኛ የሚችሉ አመልካቾችን ለይታ ትጠራለች። በማዳመጥ፣ በንባብ፣ በጽሑፍና በንግግር፣ በአራቱም ኤንሲኤልሲ በሚባለው የካናዳ የፈረንሳይኛ ችሎታ መለኪያ 7 ማምጣት አለብኝ። በአውሮፓው መለኪያ ቢ2 እንደማለት ነው። ጓደኞቼ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ «ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፣ ብርህን አታባክን» ይሉኛል። ግማሾቹ «ያለ አስተማሪ ቋንቋ የለም» ባይ ናቸው። እኔ በቀን 10 ደቂቃ፣ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳልዘል በስልኬ አፕ ተምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ለስብሰባ የመጣ አንድ ኮንጎአዊ በፈረንሳይኛ ሲያናግረኝ ግን ከሰላምታው ውጪ አንድ ቃል አልያዝኩም። በጣም ነው የደነገጥኩት። ምን ትላላችሁ?

ነርሷ (ኦታዋ)፦
ይቻላል ወንድሜ። አትደንግጥ። መጀመሪያ ሰዓቱን አስላው። በቀን 10 ደቂቃ ለስድስት ወር 30 ሰዓት ገደማ ነው። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ማሰልጠኛ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ነው ለፈረንሳይኛ የሚመድበው። ገና በሩ ላይ ነህ።

ሁለተኛ፣ አፕ ላይ የምትሰማው ተለይቶ፣ ቀስ ተብሎ የተነገረ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው እንደዚያ አያወራም። «አላውቅም» ለማለት «ዠ ነ ሴ ፓ» ብለህ የተማርከው ሰው አፍ ላይ «ሼፓ» ሆኖ ይወጣል። «አለ» የሚለው «ኢል ያ» ደግሞ «ያ» ብቻ።

እኔን ያወጣኝ አርኤፍአይ የሚባለው የፈረንሳይ ሬዲዮ የ10 ደቂቃ ዜና ነው። በቀላል ፈረንሳይኛ ይነገራል፣ ጽሑፉም አብሮት ይወጣል፣ ነጻ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ እሰማዋለሁ። ቤት ስገባ አንዷን ደቂቃ መርጬ የሰማሁትን በደብተር እጽፋለሁ። ከዚያ ከጽሑፉ ጋር አስተያየዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን አንዷ ደቂቃ 40 ደቂቃ ፈጀችብኝ፣ ግማሹም ባዶ መስመር ነበር። በአራተኛው ወር ባዶ ቦታው በጣት የሚቆጠር ሆነ። የፈረንሳይኛው ቴሌቪዥን ቲቪ5ሞንድም ከጀማሪው ኤ1 እስከ ቢ2 በደረጃ የተከፋፈለ ቪዲዮ ከነመልመጃው በነጻ አለው። ለማዳመጥ ሳንቲም አላወጣሁም።

አስተማሪ (ፒያሳ)፦
እህቴ፣ ትጋትሽን አደንቃለሁ። ግን ጆሮ ሌላ፣ አፍ ሌላ። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ብቻቸውን አንድ ዓመት ተምረው ነው። ቃላት ያውቃሉ። ስህተታቸው ግን አብሯቸው ደርቋል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በፈረንሳይኛ «ከላዩ» እና «ከታቹ» የሚሉት ቃላት በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ደሱ» ናቸው። ልዩነቱ መጨረሻው ድምፅ ላይ ነው። የታቹ የእኛው «ኡ» ነው። የላዩ ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። ምላስ «ኢ» ይላል፣ ከንፈር እንደ «ኡ» ይሞጠሙጣል። ይሄን ማንም ያላረመው ተማሪ ላዩን ታች እያለ ይኖራል። ፈረንሳይኛን በአማርኛ ፊደል እየጻፉ የሚያስተምሩት ቪዲዮዎች የሚያሳስቡኝም ለዚህ ነው። «ቦንዡር» ብሎ የያዘን ሰው ያቺን «ን» ለማስለቀቅ ወር ይፈጅብኛል። እዚያ ያለው በአፍንጫ የሚወጣ «ኦ» ነው፣ «ን» የለችም።

ተማሪ (ባሕር ዳር)፦
መምህር፣ ያሉት ልክ ነው። ግን እኔ ያለ እነዚያ የአማርኛ ቪዲዮዎች «ሀ» ብዬም አልጀምርም ነበር። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ዱዎሊንጎን የመሰሉት ትልልቆቹ አፖች ከአማርኛ ተነስተው ፈረንሳይኛ አያስተምሩም። ቋንቋ ለመማር ሌላ ቋንቋ መቻል አለብኝ ማለት ነው። ለአስተማሪም የምከፍለው የለኝም።

ዳታውም አለ። ቪዲዮ እያየሁ ወር አልዘልቅም። ዋይፋይ ያለበት ስሄድ ድምፁን ብቻ አወርዳለሁ። አዲስ ቃላት አንኪ የሚባል የቃላት ማስታወሻ ካርድ አፕ ላይ አስገባለሁ። አንኪ አንድሮይድ ላይ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። እባካችሁ የአማርኛውን አታጣጥሉብን፣ ድምፁን አስተካክሎ የሚሠራ ሰው ይምጣ በሉ እንጂ።

የድሬ ሰው (ድሬዳዋ)፦
እንዴት ናችሁ አቦ። ጡረተኛ ነኝ። አባቴ የባቡሩ ሠራተኛ ነበሩ። ኩባንያው በፈረንሳይኛ ነበር የሚሠራው፣ እሳቸውም ደብተር ሳይዙ ነው የለመዱት። ግን ብቻቸውን አልለመዱም። አጠገባቸው የቆመው ሰው እየሳቀም እየተቆጣም ያርማቸው ነበር። ለገሃር የምንለው እኮ «ላ ጋር» ነው፣ የባቡር ጣቢያው። ያኔ ሰው ጆሮውን አምኖ ወሰደው።

ልጄ ባሕር ዳር ያለኸው፣ አንተ ትልቅ ነገር ተናግረሃል። በእንግሊዝኛ በኩል መዞር አያስፈልግም። የእኛ «ለ» ከእነሱ «ለ» ጋር አንድ ለመሆን ምንም አልቀራት። «ዥ» አለን፣ «ኝ» አለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ቱ» መቼ፣ «ቩ» መቼ እንደሚባል ገጽ ሙሉ ይብራራለታል። እኛ አንተና እርስዎ እያልን ነው ያደግነው።

ቶሮንቶ ያለሁ፦
ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ።

መምህር፣ አስተማሪ ያርማል ያሉት ላይ ግን፣ ክፍል ውስጥ ከሆነ አልስማማም። እኔ የተማርኩበት ክፍል 20 ሰው ነበርን፣ ሁለት ሰዓት። አስተማሪው አንድም ቃል ባይተነፍስ እንኳን ለአንድ ሰው 6 ደቂቃ ይደርሰዋል። በተግባር ሁለት ደቂቃም አላወራሁም። ገንዘቤ ያለቀው የሌሎችን ስህተት በመስማት ነው።

የባሰው ደግሞ ይኼ ነው። እዚያው ቦታ «ዴልፍ ቢ2 የሚባለውን የፈረንሳይኛ ችሎታ ማስረጃ ያዝ፣ የዕድሜ ልክ ዲፕሎማ ነው» አሉኝ። እውነት ነው፣ ጊዜ አያልፍበትም። ኤክስፕረስ ኢንትሪ ለሚባለው የካናዳ የስደት ማመልከቻ ሥርዓት ግን አይሠራም። ለፈረንሳይኛ የሚቀበሉት ቴፍ ካናዳ እና ቴሴኤፍ ካናዳ የሚባሉትን ፈተናዎች ብቻ ነው፣ ውጤቱም የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው። ይህን ያወቅኩት ከካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ ነው፣ በነጻ፣ ዲፕሎማውን ከያዝኩ በኋላ። አንድ ዓመት ሄደብኝ። ጠያቂው ወንድሜ፣ ከመክፈልህ በፊት ያን ገጽ ራስህ ግባና አንብብ።

ኩቤክ ያላችሁ ደግሞ ከኪሳችሁ አታውጡ። ፍራንሲዛሲዮን ኩቤክ የሚባል የመንግሥት አገልግሎት ከሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እህቴ ሞንትሪያል ናት፣ ልጇን አስተኝታ ማታ ማታ ኦንላይን በነጻ ትማራለች።

አስተማሪ (ፒያሳ)፦
ወንድሜ፣ በደልህ ገብቶኛል። ተማሪ ሲመዘገብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ለምን ፈተና ነው?» ተብሎ ነው። ማዳመጥ ላይም ለነርሷ እጄን ሰጥቻለሁ። አንድ ደቂቃ መርጦ መጻፉን ለተማሪዎቼ እሰጠዋለሁ።

ንግግር ላይ ግን አልለቅም። የቴፍ ካናዳ የንግግር ፈተና 15 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ስለ አንድ ማስታወቂያ ለማታውቀው ሰው ደውለህ ትጠይቃለህ፣ በ«ቩ»። ቀጥሎ ጓደኛህን ስለ አንድ ነገር ታግባባለህ፣ በ«ቱ»። ጋሼ እንዳሉት ልዩነቱ በደማችን አለ። ሲጨነቁ ግን ይጠፋል። ስንለማመድ ጓደኛውን «እርስዎ» እያለ የሚለምን ስንቱን አይቻለሁ። ቪዲዮ አያቋርጥህም። የሚያቋርጥህ ሰው ነው።

ነርሷ (ኦታዋ)፦
እዚህ ላይ መምህር እውነት አላቸው፣ እኔም አልደብቅም። ከፈተናው በፊት ሁለት ወር በሳምንት ሁለቴ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ለብቻዬ በቪዲዮ ከፍዬ አውርቻለሁ። ሰዋስው እንዳታስተምሪኝ፣ ስሳሳት ብቻ አስቁሚኝ ብያት ነበር። ከሁሉም በላይ የረዳኝ ያ ግማሽ ሰዓት ነው።

ለጽሑፍ ቻትጂፒቲን ተጠቅሜያለሁ። «አርምልኝ» ካልከው ሙሉውን አሳምሮ ይጽፍልሃል፣ አንተ ምንም አትማርም። እኔ «ስህተቱ የት እንዳለ አሳየኝ፣ አታስተካክል» ነበር የምለው። ራሴ አስተካክዬ መልሼ እልካለሁ። አንዳንዴ ልክ የሆነውንም ስህተት ይላል፣ ስለዚህ የተጠራጠርኩትን ለግማሽ ሰዓቷ አስተማሪዬ አቆየዋለሁ።

ጠያቂው (አዲስ አበባ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሦስት ወር ክፍል ልከፍል የነበረውን ብር ይዤዋለሁ። መጀመሪያ ጆሮዬን በነጻው ላሠራ፣ ከዚያ ለግማሽ ሰዓቱ ንግግር አወጣዋለሁ። ዛሬ ማታ ዜናውን ከአንዷ ደቂቃ እጀምራለሁ።

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁለቱን «ደሱ» በድምፅ ቀድቼ እዚሁ ለጥፌያለሁ። ይስሙልኝ።

አስተማሪ (ፒያሳ)፦
ሰማሁት። የታቹ ጥሩ ነው። የላዩ ገና «ኡ» ነው። ከንፈርህን እንደሞጠሞጠ ያዘውና ውስጥህ «ኢ» በል፣ ከንፈርህ ሳይላላ። እንደገና ላክ።