ጥቆማ፦ ዳዋ ለዋጠው ዳገት ትራክተር ልግዛ ወይስ ልከራይ?

አንድ ወንድማችን ጥያቄ አቅርቧል። ከጅማ ወደ ሰቃ ጨቆርሳ በሚወስደው መንገድ 6 ሄክታር ገደማ የቤተሰብ መሬት አላቸው። ለዓመታት ጦሙን አድሮ ዳዋ ውጦታል። ከታች ሜዳ፣ ወደ ላይ ዳገት፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ያረጀ ቡና ነው። የቀረውን ሙጃ፣ ቀጋ፣ አጋምና ግራዋ ይዞታል። «ትንሽ ትራክተር ከነማጨጃው ልግዛ? ከገዛሁስ የትኛውን ብራንድ?» ይላል።

እንደተለመደው መልሱ ሁሉ ብራንድ ብራንድ ሆነ። «ከማሴይ ፈርጉሰን ወዲያ ላሳር» የሚል አለ። «ቻይናው ርካሽ ነው፣ ይበቃሃል» የሚልም አለ። እኔ ግን፣ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ዳገቱ ምን ያህል ነው?

በዓይን አትገምት። ቀጥ ያለ የ1 ሜትር ጣውላና የግንበኛ ውሃ ልክ ያዝ። የጣውላውን አንድ ጫፍ ከላይ በኩል መሬት አስነካው። ሌላውን ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ ዘርግተህ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ያዘው። ከዚያ አየር ላይ ካለው ጫፍ እስከ መሬት ለካ። 27 ሴንቲ ሜትር ከመጣ 15 ዲግሪ ላይ ነህ። ተቀምጠው የሚነዷቸው የሣር ማጨጃዎች መመሪያ ብዙውን ጊዜ ከ15 ዲግሪ በላይ አትውጣ ይላል። እኔ በትራክተርም ከዚህ አላልፍም። ያውም በደረቅ ጊዜ። የጅማ ቀይ አፈር ዝናብ ከጠጣ ሳሙና ነው፤ ያኔ 10 ዲግሪም ያስፈራል።

ቦታ ቦታውን ለክተህ ስትጨርስ መሬቱ ራሱ ይከፋፈልልሃል። ትራክተር የሚገባበት፣ ሰው ማሽን ተሸክሞ የሚገባበት፣ ገጀራ ብቻ የሚገባበት። ለሦስቱም አንድ ማሽን የለም። ስለዚህ የእኔ ጥቆማ አጭር ነው፤ ትልቁን ማሽን፣ ትራክተሩን፣ ተከራይ፤ ሰው የሚሸከመውን ትንሹን ግዛ።

ለምን ትንሽ ትራክተር አትግዛ እንዳልኩ ላስረዳ። ቁጥቋጦ የሚመታው ማጨጃ ስላሸር ይባላል። ከትራክተሩ ኋላ ይታሰራል፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ በሚያወጣው ዘንግ፣ በፒቲኦ፣ ይዞራል። 1.5 ሜትር የሚያጭድ ስላሸር ፒቲኦው ላይ ከ25 እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል። በካታሎግ ላይ የሚጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ጉልበት ነው፤ ፒቲኦው ጋ ሲደርስ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ፣ ማለትም አየር እየጨመቀ የሚያስገባለት መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባለ 30 የተባለው ትራክተር እዚህ ባለ 25 ሆኖ ነው የሚመጣልህ፤ ፒቲኦው ላይ ከዚያም ያንሳል። ሙጃው መሃል ገብቶ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ስትከራይ ከ45 እስከ 60 የፈረስ ጉልበት ያለውን ፈልግ። ቱርቦ ካለው ደግሞ አሪፍ ነው።

ብራንድ ካልን ማሴይ ፈርጉሰንን የማያውቅ መካኒክ አገራችን ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ለአሮጌ ትራክተር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቤላሩስ ከባድና ጠንካራ ነው። የቻይናው ዋይቲኦ በዋጋ ይቀላል። ጆን ዲርና ኒው ሆላንድ ጥሩ ናቸው፤ ግን ለ6 ሄክታር ገንዘብህን እዚያ ላይ አታስረው። ግድ እገዛለሁ ካልክ ከመክፈልህ በፊት እዚያው ጅማ መርካቶ ወርደህ የፊልተሩንና የክላች ሸራውን ዋጋ ጠይቅ። ባለ ሱቁ «ከአዲስ አበባ ላስመጣልህ» ካለህ መልሱን አገኘህ።

ከብራንድ ይልቅ አራት ነገር እይ። የፊት ጎማውም ይጎትታል ወይ? አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ሁለቱም እኩል እንዲዞሩ የሚያደርግ ዲፈረንሻል መቆለፊያ አለው ወይ? ሲገለበጥ ነጂውን የሚከላከለው ብረትና ቀበቶ አሉት ወይ? ብረቱ ካለ ቀበቶውን እሰር፤ ብረቱ ከሌለ ዳገቱን ተወው። አራተኛውን ግን ብዙ ሰው አያየውም። በአንዳንድ አሮጌ ትራክተሮች ፒቲኦው ከማርሹ ጋር አንድ ላይ ነው። የስላሸሩ ቢላ ከባድ ስለሆነ ክላች ብትረግጥም መዞሩን አያቆምም። በዞረ ቁጥር ትራክተሩን ወደፊት ይገፋዋል። ሜዳ ላይ አጥር ያስበላሃል፤ ቁልቁለት ላይ የሚሆነውን አልነግርህም። ፒቲኦው ለብቻው የሚሠራ ይሁን። ካልሆነ ደግሞ ቢላው ትራክተሩን እንዳይገፋ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ማያያዣ ይግባለት።

ማጨጃው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ስላሸር ቀላል ነው፣ ቢሰበር የሠፈር በያጅ ይጠግነዋል፣ አውራ ጣት የሚያህል ግንድ ምንም አይመስለውም። ጉዳቱ ድንጋይ መወርወሩ ነው። ከኋላው የሰንሰለት መከላከያ የሌለውን አትቀበል። ትራክተር በመጣ ቁጥር ከብት ጠባቂ ልጆች ሊያዩ ይሰበሰባሉ፤ አንድ ሰው እነሱን ብቻ እንዲያርቅ መድብ። ሁለተኛው ፍሌይል የሚባለው ነው። ብዙ ትንንሽ መዶሻ መሰል ቢላዎች አሉት። ወደ ትራክተሩ ተጠግቶ ስለሚታሰር ዳገት ላይ ይሻላል፣ ድንጋይም ብዙ አይወረውርም፣ ሣሩን ያደቅቀዋል። ግን ጉልበት ይበላል፣ ወፍራም ግንድም አይወድም። ለመጀመሪያው ምንጠራ ስላሸር፣ ከዚያ በኋላ ላለው ዓመታዊ እንክብካቤ ፍሌይል ብታገኝ እሰየው። የከብት መኖ የሚያጭዱት ባለ ዲስክ ማጨጃዎች ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

አሁን ኪራዩ። ብዙ አከራዮች ያላቸው ማረሻና መከስከሻ ነው። ስላሸር ስትላቸው «ለምን በዲስክ አላርስልህም?» ይሉሃል። ሜዳውን ማረስ ይችላሉ፤ ዳገቱን ግን በጭራሽ። ታርሶ ክረምት የገባበት የሰቃ ዳገት አፈሩ ወደ ግልገል ጊቤ ነው የሚሄደው። ታጭዶ ሥሩ የቀረ ሣር አፈሩን ይይዝልሃል።

ስትዋዋል ሰዓቱ ከየት እንደሚጀምር አስቀድመህ ጠይቅ። ከጋራዡ ነው ወይስ ከማሳው? ናፍጣው የማን ነው? ቢላ ቢሰበርስ? የኦፕሬተሩ ምሳስ? በቃል የተስማሙት ነገር ማሳው ላይ ይረሳል፤ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ኦፕሬተሩንም አናግረው። ዳገቱን ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ አግድም እንዳይሄድበት። ወደፊት መውጣት ካቃተው ወደ ኋላ በሚያስኬደው ማርሽ ይውጣ። ሲወርድ በከባድ ማርሽ ይውረድ። በፍሪ የሚለቅ ከሆነ «አመሰግናለሁ» ብለህ ሸኘው።

ትራክተሩ ከመምጣቱ በፊት ማሳውን በእግርህ ዙረው። ሙጃ ውስጥ ኩይሳ አለ፣ የጃርት ጉድጓድ አለ፣ የድሮ አጥር ሽቦ አለ። ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ ችግኝ ካገኘህ ቀይ ጨርቅ እሰርበት። ነገ ለቡናህ ጥላ የምትለምነው እሱን ነው። ገጀራ የያዙ ሰዎች ቀድመው ገብተው ከነበረ ደግሞ የቆረጡትን ጉቶ እይ። በሰያፍ የተቆረጠ ጉቶ እንደ ጦር ሾሎ ይቀራል፤ የትራክተር ጎማ ይበሳል። በመጋዝ፣ ከመሬት እኩል ይቁረጡት።

ለመካከለኛው ዳገት የእጅ ትራክተር የሚመክሩ አሉ። ሰው ከኋላው እየተራመደ በእጅ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ነው፣ ከፊቱ ማጨጃ ይገጠምለታል። ለሣርና ለቀጭን ቁጥቋጦ ደህና ነው። ግን ባለ ናፍጣው ከባድ ነው። ዳገት ላይ ማዞሩ ጉልበት ይጨርሳል። እኔ ለዚያ ቦታ በትከሻ የሚያዘውን ባለ ሞተር ማጨጃ፣ ብራሽ ከተርን፣ እመርጣለሁ። መግዛት ያለብህም ይህንን ነው።

ብራንዱ ስቲልም ይሁን ሁስክቫርና፣ ከ40 ሲሲ በላይ ይሁን። ባለ ክር ጭንቅላቱ ለሣር ነው፤ ለቁጥቋጦ ባለ 3 ጥርስ የብረት ቢላ ያስፈልግሃል። በሁለቱም ትከሻ የሚታሰር ማንጠልጠያ፣ የፊት መከላከያ፣ ቦቲ ጫማ የማሽኑ አካል ናቸው ብለህ ግዛቸው። ሲሠራ በ15 ሜትር ውስጥ ሰው አይቁም። ቤንዚኑ የሚደባለቀው ከባለ ሁለት ምት ዘይት ጋር ነው፤ 50 ለ1፣ ማለትም ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር። የመኪና ሞተር ዘይት የሚጨምሩ አሉ፤ ማሽኑን ይገድሉታል። ለብዙ ሳምንት የሚሆን አትደባልቅ፣ ይበላሻል። አዲሱ ማሽን ጭስ ካበዛብህ ወዲያው «አጭበረበሩኝ» አትበል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያበዛል፤ የሚያውቅ ሰው ያስተካክልልሃል።

ቡናው ስር ግን ምንም ጎማ ያለው ነገር አይግባ። የቡና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ላይኛው አፈር ውስጥ ናቸው። ማጭድና ገጀራ ይበቃል። ጉዳዩ ሠራተኛው ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ስለሆነ የቀን ሠራተኛ ይወደዳል፣ ከተገኘም ነው። ስለዚህ የቡናውን ሥር ከለቀማ በፊት አስጨርስ። ዳገቱን ለጥርና የካቲት አቆየው፤ ያኔ መሬቱም ደርቋል፣ ሰውም ተርፏል። ሜዳው ላይ ያለው ሙጃ ግን ዘሩን ሳያራግፍ ቢታጨድ ይሻላል። መሬቱ ጠጣር ከሆነልህ ትራክተሩን ዝናቡ እንዳቆመ ጥራው። ሥራውን በቀን ሳይሆን በቁርጥ ስጥ። ግን ቁመቱን ተስማማ። በቁርጥ የሚሠራ ሰው ጉልበት ላይ ቆርጦ መሄድ ይወዳል፤ «ከቁርጭምጭሚት በታች» በለው፣ አንድ ጥግ አሳጭደህም ናሙና አሳየው።

ተመልሶ ለሚያቆጠቁጠው ዳዋ «ፍየል ተከራይ» የሚል ሰው ነበር። ሳቅኩ፣ ግን ተሳስቷል አልልም። ለቁጥቋጦው አሪፍ ነው፤ ለቡናውና ለዋንዛው ችግኝ ግን ጠላት ነው። አጥር ካለህ ብቻ።

አንድ ነገር ልጨምር። የማሳህ በር ስንት ሜትር ይሰፋል? ከመንገዱ ወደ ማሳው ድልድይ ካለስ ምን ይሸከማል? ባለ 1.8 ሜትር ስላሸር በባጃጅ መግቢያ አይገባም። ለአከራዩ ከመደወልህ በፊት እሱን ለካው።