የፍጻሜው ጨዋታ ሐይቅ ከተማ ላይ ቢሆን ሰው ይመጣል?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። የክረምቱ የሰፈሮች ውድድር ለፍጻሜ ደርሷል። አንዱ ቡድን ከደሴ፣ ሌላው ከኮምቦልቻ ነው። እኔ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ በሜዳ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ ውለን ሳንስማማ ተበተንን። ኮምቦልቻዎቹ «ሆጤ ከሆነ ለደሴ ሜዳዋ ነው፣ እኛ እንግዳ ነን» አሉ። የኛዎቹ ደግሞ ኮምቦልቻ ወርደን አንጫወትም ብለው ድርቅ አሉ። በመጨረሻ አንድ አባት «በቃ ሐይቅ ይሁን፣ ገለልተኛ ነው» ሲሉ ሁሉም ዝም አለ።

እኔን ያሳሰበኝ ሰዉ ነው። የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ዝናቡ እየወረደ ከቦታው የተነቃነቀ የለም። ከጎሉ ጀርባ የነበሩት ልጆች ላስቲክ ተከናንበው፣ ባዶ ጀሪካን በዱላ እየደበደቡ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ሲጨፍሩ ነበር። አንዱ ጀሪካኑ ተሰንጥቆበት በክዳኑ ቀጠለ። ይህን ሰው ሐይቅ ድረስ ማን ያመጣዋል? የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድኖቹን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ሲያጫውት በዲኤስቲቪ አይተናል። ያዘጋጁ ከተማ ቡድን ካልተጫወተ ብዙ ጊዜ ወንበሩ ባዶ ነበር፣ አሠልጣኙ ተጫዋቹን ሲቆጣ ቤታችን ቁጭ ብለን እንሰማው ነበር። ልጆቻችን ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ የለፉበት ፍጻሜ እንደዛ እንዲሆን አልፈልግም። የምታውቁትን ንገሩኝ።

ሚስማር ተራ

የደሴ ልጅ ነኝ፣ አሁን ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ገለልተኛ ሜዳ ሁሉ ይቀዘቅዛል የሚባለው አይዋጥልኝም። በ1960 እ.ኤ.አ. ሪያል ማድሪድና አይንትራኽት ፍራንክፈርት ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የተገናኙት ግላስጎው፣ ሃምፕደን ፓርክ ላይ ነው። አንዱ የስፔን፣ አንዱ የጀርመን፣ ሜዳው ስኮትላንድ። የገባው ሰው ስንት መሰለህ? 127,621! አብዛኛው የዛው አገር ሰው ነው፣ ያኔ እንደ ዛሬ ደጋፊ በአውሮፕላን የሚጓጓዝበት ጊዜ አልነበረም። ደግሞ ፍራንክፈርት በግማሽ ፍጻሜው የግላስጎውን ሬንጀርስ በደርሶ መልስ 12 ለ 4 ደቁሶት ነው የመጣው። እንዲህ ያደረገንን ቡድን ማን ይችለዋል ብሎ የማይጓጓ የኳስ ሰው አለ? ማድሪድ 7 ለ 3 አሸነፈው፤ ፑሽካሽ አራት፣ ዲ ስቴፋኖ ሦስት አገቡ። የአገሬው ሰው ቡድኑ ሳይጫወት ያን ሁሉ ጎል አይቶ ሄደ።

አሁን ባኩን ውሰድ። 2019 እ.ኤ.አ.፣ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ፣ ቸልሲ ከአርሰናል። ሁለቱም የለንደን ቡድኖች፣ ሜዳው አዘርባጃን። ስታዲየሙ 68,000 ሰው ገደማ ይይዛል፣ ለእያንዳንዱ ክለብ የደረሰው ትኬት ግን 6,000 ገደማ ነው፤ መንገዱ ሩቅና ውድ ስለነበር እሱንም ሸጠው አልጨረሱም። ቸልሲ 4 ለ 1 ሲያሸንፍ ባዶው ወንበር በቲቪ ይታይ ነበር። ባኩን የጎዳው ደጋፊው ሊደርስበት አለመቻሉ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቅ። ደጋፊው በምን ይደርሳል? የሐይቅ ሰውስ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ምን አለው? ለሁለቱ መልስ ካለህ አትፍራ።

የሆጤ ጎረቤት

እኔ ሐይቅ የሚባለው ሐሳብ ጨርሶ አልገባኝም። ሆጤ እያለ! ስታዲየም ነው፣ አጥር አለው፣ በር አለው፣ መግቢያ መሰብሰብ ይቻላል። ትኬቱን ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሹን ለኮምቦልቻ ስጡ፣ አንዱን ወገን ለነሱ ልቀቁ፣ አለቀ። የከተሞቻችን ክለቦች ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ ድሮ ሲገናኙ በየተራ አንዱ ያንዱ ከተማ ሄዶ ይጫወት አልነበር እንዴ? ማንም ፈርቶ አልቀረም። ጥሩ ድባብ የሚኖረው ሰው በእግሩ በሚደርስበት ሜዳ ላይ ነው። ከሸዋበር፣ ከአራዳ፣ ከሰኞ ገበያ ሰዉ እየጨፈረ ሲመጣ ጨዋታው ገና ሜዳ ሳይገባ ይጀምራል። ይህን በመኪና ጭናችሁ ሐይቅ ልትወስዱት ነው?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ አለይኩም። ወንድሜ የሆጤ ጎረቤት፣ ሊግና ፍጻሜ አንድ አይደለም። ሊግ ላይ ዛሬ አንተ ጋ፣ ነገ እኔ ጋ ነው። ፍጻሜ አንድ ጨዋታ ነው። ከሰፈርህ እየጨፈርክ መምጣቱን የምትወደውን ያህል እኛስ ከየት እየጨፈርን እንምጣ?

ግን ሐይቅ ገለልተኛ ነው ያላችሁትንም ደግማችሁ እዩት። ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እንገባለን፣ የሐይቅ መንገድ የሚጀመረው ከዛ በኋላ ነው። በናንተ በኩል አንድ ሚኒባስ፣ በኛ በኩል ሁለት። ሰዓቱም አለ። አስር ሰዓት ላይ ጀምራችሁ፣ ጭማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ፣ ሐረጎን የምንወርደው በጨለማና በጉም ነው። በነሐሴ! እኔ ሴት ልጅ ነኝ፣ ሁለት እህቶቼን ይዤ ነው የምመጣው፣ እናታችን በዚያ ሰዓት አትለቀንም። ብዙ ሴቶች የሚቀሩት ኳስ ስለማይወዱ ይመስላችኋል፤ የሚቀሩት መመለሻው ስለማይታወቅ ነው። መጸዳጃ ቤትም አስቡበት፣ ከጠዋት የወጣ ሰው ነው።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይሁን፣ የመመለሻ መኪና ቁርጥ ይሁን፣ እኔ ራሴ ሰፈሩን ቀስቅሼ አመጣለሁ።

የድሮ ተመልካች

ልጆች፣ ገለልተኛ ፍጻሜ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የአፍሪካ ዋንጫን በ1960 ዓ.ም. ስናዘጋጅ የኛን ቡድን ኮንጎ ኪንሻሳ በግማሽ ፍጻሜው በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አስወጣው። ፍጻሜውን አዲስ አበባ ላይ ኮንጎና ጋና ተጫወቱ፣ ኮንጎ 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ1968 ዓ.ም.ም እንዲሁ ዋንጫው የተለየው አዲስ አበባ ላይ በሞሮኮና በጊኒ ጨዋታ ነው፤ አንድ ለአንድ ወጡ፣ ዋንጫው በነጥብ ይለይ ስለነበር ለሞሮኮ አቻው በቂው ነበር። ሁለቴም የኛ ልጆች ሜዳ ውስጥ አልነበሩም።

የሆጤ ጎረቤት፣ ያንተን ሐሳብ አፍሪካም ሞክራዋለች። በ2022 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በአንድ ጨዋታ ይለቅ ተብሎ ካዛብላንካ ተሰጠ። የሞሮኮው ዋይዳድ ራሱ የሚጫወትበት ስታዲየም ነው፣ ዋይዳድም ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው የግብፁ አል አህሊ አቤት ቢል የሰማው የለም። ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ፣ ድባቡ የሚያስፈራ ነበር፣ ዋይዳድ 2 ለ 0 አሸነፈ። ግን እስከዛሬ ሲነሳ ከጎሎቹ በፊት የሚወራው የሜዳው ነገር ነው። በዓመቱ ወደ ደርሶ መልስ ተመለሱ። ልጆቹ ዋንጫ ሲያነሱ «ሜዳችሁ ስለሆነ ነው» እንዲባሉ ትፈልጋለህ?

የሆጤ ጎረቤት

ጋሼ፣ የካዛብላንካውን ተቀብያለሁ። ግን ሌላ ጫፍም አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የአርጀንቲናዎቹ የሪቨርና የቦካ የደቡብ አሜሪካ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ የቦካ አውቶብስ መስኮት ስለተሰበረ ተብሎ ከቦነስ አይረስ ተነስቶ ማድሪድ ሄደ። በርናባው ላይ 62,282 ሰው ገባ፣ ሪቨር 3 ለ 1 አሸነፈ። ቁጥሩ ያምራል። ዕድሜውን ሙሉ ቡድኑን ተከትሎ የኖረ የቦነስ አይረስ ድሃ ግን ቤቱ በቲቪ አየው። ሐይቅም ከሆነ የመኪና መሳፈሪያ ያለው ብቻ አይሂድ ነው የምለው። ጀሪካን የሚደበድቡት ልጆች ኪሳቸው ውስጥ ምንም የለም።

ሐይቅ ዳር

እኔ የሐይቅ ነኝ። ስለኛ ስታወሩ እኛን የጠየቀ የለም! ሰው ይመጣል ወይ ላላችሁት፣ የደሴው ቡድን በግማሽ ፍጻሜው ማንን ነው የጣለው? የኛን ልጆች። በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ ባከራካሪ ፍጹም ቅጣት ምት። እዚህ ከተማ ቡና ቤት ገብታችሁ ስለዛ ኳስ ብትጠይቁ እስከ ማታ አትወጡም። ያ ቡድን ተመልሶ ሐይቅ ሲመጣ ቤቱ የሚቀር የለም። ሚስማር ተራ ስለ ግላስጎው የጻፈውን ሳነብ የኛን ነገር የነገረ ነው የመሰለኝ። በግልጽ ልናገር፣ ሰዋችን ለኮምቦልቻ ነው የሚጮኸው፤ ስለዚህ ቦርከና ዳር፣ በሚኒባስ ብታንሱም በድምፅ አታንሱም።

አንድ ነገር ጨምሩበት። የሦስተኛ ደረጃ ጨዋታውን እዛው፣ ያንኑ ጠዋት፣ ከፍጻሜው በፊት አድርጉት። የኛ ልጆች ሁለት ሰዓት ላይ ቢገቡ ዋናው ጨዋታ ሲጀመር ሜዳው ዙሪያ ሞልቷል። ግን አጥር የለንም። ሰዉ መስመሩ ላይ እየገፋ ይገባል፣ ስለዚህ ገመድና አስተባባሪ ያስፈልጋል። መግቢያ ማስከፈልም አይቻልም፣ ያንን ከወዲሁ እወቁት።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ኑሩልኝ። የሦስተኛ ደረጃው ጨዋታ ቅዳሜ ሆጤ ነበር የተያዘው፣ ወደ ሐይቅ ይዙር ብዬ ነገ አቀርባለሁ። አራት ሰዓት የሚለውም ጥሩ ነው። ፍልሰታ ካለቀ በኋላ ያለው እሑድ ስለሆነ ከቅዳሴ የሚወጣውም ይደርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ዝናብም እናመልጣለን። መግቢያ ከሌለ ግን ለዳኛና ለዋንጫ ያሰብነው ገንዘብ የለም። የመኪናውም ነገር ከብዶኛል።

ሚስማር ተራ

ገንዘቡን ከመኪናው ጋር አያይዘው። ትኬት በመሸጥ ፋንታ የደርሶ መልስ ወንበር ሽጥ፣ ከታሪፉ ላይ ትንሽ ጨምረህ ለዋንጫው ይሁን። ሹፌሮቹ ባዶ እንደማይመለሱ ካወቁ ዋጋ ይቀንሳሉ። ከየመኪናው የተወሰነ ወንበር ለልጆቹ በነጻ አስቀር፣ እኔ ካለሁበት የአምስት ልጅ እከፍላለሁ። በቴሌብር እልክልሃለሁ።

የሆጤ ጎረቤት

እንዲህ ከሆነ እኔም የሦስት። ጀሪካኖቹን ግን ማንም እንዳይከለክል።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

በኛ በኩል ሁለት ሚኒባስ የሚሞላ ሰው አለኝ፣ አንዱ የሴቶች ይሆናል። የመነሻ ሰዓቱን እስከ ረቡዕ አሳውቁን፣ ሹፌሮቹን ያኔ ነው የምንይዘው። ሐይቅ ዳር፣ ገመዱን ከኮምቦልቻ ገዝተን እናመጣለን፤ የሜዳውን ዙሪያ ለካና ስንት ሜትር እንደሚሆን ጻፍልኝ።