ቫንኩዊሽ ይህን ያህል አጭር ሆኖ ለምን ደግሞ ደጋግሞ ያጫውታል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360፣ በ2017 ደግሞ ለኮምፒውተር የወጣውን ቫንኩዊሽ የተባለ ጌም ሰሞኑን በሁለት ምሽት ጨረስኩት። ሳን ፍራንሲስኮን ከጠፈር በተለቀቀ ጨረር ያወደሙትን ኃይሎች ለማስቆም የሚዘምተው የሳም ጊዲየን ታሪክ ብዙም አልያዘኝም። ሆኖም ጌሙ እንዳለቀ ወዲያውኑ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ምክንያቱን የምታስረዱኝ ካላችሁ አመሰግናለሁ።

መልስ፦
ወንድሜ፣ በእኔ እምነት ምክንያቱ ሳም ተንበርክኮ በጉልበቶቹ መንሸራተቱ ነው። በዚያን ጊዜ ገጸ ባሕርዩን ከኋላው እያዩ የሚተኩሱባቸው ብዙዎቹ ጌሞች ከግንብ ጀርባ ተደብቆ ብቅ ጥልቅ ማለትን ያስለመዱን ነበሩ፤ ዳይሬክተሩ ሺንጂ ሚካሚና የፕላቲነም ጌምስ ባልደረቦቹ ግን መከለያውን ሳያስቀሩ ከመከለያው የሚያስወጣ ምክንያት ሰጡን። የሳም ልብስ ሮኬት ስላለው፣ ሲለኮስ ሰውዬው ተንበርክኮ ብልጭታ እየረጨ በሮቦቶቹ መካከል ይወነጨፋል፤ በዚያው ላይ ሲያነጣጥር ጊዜው ስለሚዘገይ የሚመጣበትን ጥይት በዓይኑ እያየ ያመልጣል። መንሸራተቱም ጊዜ ማዘግየቱም ግን የሚቀዱት ከአንድ ኃይል ነው፤ እሱ ሲሟጠጥ ልብሱ ይግላል፣ ሳምም እስኪበርድለት ድረስ በገዛ እግሩ ከመሮጥ ሌላ አማራጭ የለውም። እኔን የሚይዘኝ ይህ ስሌት ነው፤ ወደፊት በገፋሁ ቁጥር መመለሻ የሚሆን ኃይል መቆጠብ አለብኝ።

መልስ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ቡጢውንም ልጨምር። አንድ ቡጢ የልብሱን ኃይል በሙሉ ስለሚጨርስ መጀመሪያ ላይ የአሠራር ጉድለት መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ዙር ግን ቡጢ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑ ገባኝ። ሳም ከመከለያው ጀርባ ሲጋራ አጭሶ ሲወረውረው ሮቦቶቹ ወደዚያ ዞረው ሲተኩሱ አይታችኋል? እንዲህ ያለውን ነገር ያሰቡ ሰዎች ሥራቸውን በጣም ይወዱ እንደነበር ይሰማኛል።

መልስ፦
በወጣበት ጊዜ በሙሉ ዋጋ ለገዛው ሰው ማጠሩ ቅር ቢያሰኘው አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ሃያ ሰዓት ቢረዝም ኖሮ ይህ ፍጥነት ያደክመን ነበር። ለጠያቂው አንድ ምክር አለኝ፦ ጥይቱ ሙሉ የሆነ መሣሪያ ይዘው ሌላ ተመሳሳይ መሣሪያ ሲያነሡ የያዙት ይሻሻላልና፣ በሁለተኛው ዙር የሚወዱትን መሣሪያ ጥይት ቆጥበው ይራመዱ።